የሐጂ ጃማዕ ቅድመ አያት

ሀርጌሳ፣ ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔና አባዬ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ ይሰማል፤ ወደ ሰፈራችን ግን አልደረሰም፣ አትጨነቂ። ይልቅ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ቆመሽ ከሆነ በሳቅ ትወድቂያለሽ።

አባዬ ጓሯችን ውስጥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲቆፍር ድንጋይ የሆነ አጥንት አገኘ፤ ቁመቱ እኔን ያክላል። የዳይኖሰር ጭን ነው አልኩት። ድሬዳዋ ስንማር መምህር አቻምየለህ ሰሌዳ ላይ የሳሉልን እሱን ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ጃማዕ ግን በርሜል ላይ ቆመው በአጥሩ አናት አዩና፣ ይሄ የቅድመ አያቴ አጥንት ነው፣ ግዙፍ ሰው ነበሩ አሉ። በርሜል ላይ ቆመው እኮ ነው! መቃብሩ የቅድመ አያቴ ከሆነ አጥንቱም መሬቱም የኔ ነው ብለው ከሰሱን።

የቤታችን ወረቀት ያኔ ከተማው በቦምብ ሲደበደብ ከጣሪያው ጋር ነዷል። ለሳቸው ከተፈረደ አንቺ የምትመለሺበት ቤት የለም ማለት ነው። አባዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

ትናንት ዘጠኝ ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ጉዳዩ ሳይነሳ እያንዳንዳቸው እስከ ሃያኛ አያታቸው ቆጠሩ። መድፍ ሲያጓራ አንዳቸውም ዞር አላሉም፤ ሻይ ሲዘገይ ግን ዘጠኙም ዞሩ። በመጨረሻ ሐጂ ጃማዕ የቅድመ አያቴ አጥንት ነው ብለው ሊምሉ ተነሱ። እዚያ ሴት ልጅ እንደማትናገር ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ብርጭቆ እየሰበሰብኩ፣ ሐጂ፣ ከመማልዎ በፊት የቀረውን የቅድመ አያትዎን አካል ቢያዩትስ አልኩ። አባዬ በዓይኑ ሊገድለኝ ደረሰ። ሰብሳቢው ሼህ ማህዲ ግን ልጅቷ እውነት አላት፣ ሟቹ ሳይታይ አይማልም አሉ።

ጉድጓዱ ጋ ሄድን። እኔ ከዚያ ወዲህ የቆፈርኩትን የሸፈንኩበትን ቆርቆሮ ገለጥኩት። ከጭኑ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ አጥንት በአጥንት ተከታትሎ፣ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ ጭራ!

ሼህ ማህዲ ከዘራቸውን ጭራው ላይ አሳርፈው፣ ወንድሜ ጃማዕ፣ እኚህ ናቸው አያትህ? ብለው በትህትና ጠየቁ።

የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ቅጽል ስም አንዴ ከወጣ እስከ ልጅ ልጅ ይወረሳል። የእነ ሉል ቤት ልጆች በአያታቸው እግር ሰበብ እስከ ዛሬ አንካሶቹ ይባላሉ፤ ሁሉም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ፣ እንግዲህ ባለጭራዎቹ ልንላችሁ ነው ብለው ሲያንሾካሽኩ ሐጂ ጃማዕ ሰሟቸው። ወላሂ ይሄ አውሬ ነው፣ ዘመዴም አይደለም ብለው በዘጠኝ ሰው ፊት ጮኹ! ሼህ ማህዲም አፍታ ሳይቆዩ፣ መቃብር ከሌለ ክስም የለም፤ አጥንቱም ቦታውም የቆፋሪው ነው ብለው ፈረዱ። ዘጠኙም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉ። እማዬ፣ ወረቀት አለን! አባዬ ሁለት ሰሃን ሩዝ በላ።

ከበላ በኋላ ሄዶ ጭራውን ሲያየው ቆየና፣ ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሾቹ አጥንቶች ከሌሎቹ ነጣ ይላሉ፣ ይገርማል አለኝ። እኔም ይገርማል አልኩ። ባለፈው ዓርብ ስለበላነው ፍየል የአንገት አጥንት ማናችንም አላነሳንም።

ተኩሱ እንደበረደ ነይ። ጣሪያ የለንም፤ ቤት ግን አለን። አላህ የመንገዱን ኬላ ሁሉ ይክፈትልሽ፣ ወገብሽንም ለጭነት መኪናው ያበርታልሽ።

አፏን መዝጋት ያቃታት ልጅሽ