ጠበል የጠጣ ጎመን

ሐሙስ፣ መጋቢት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጉድጓዱ ነጠፈ። ጠዋት ባልዲውን ስጥል የሰማሁት የውሃ ድምፅ አልነበረም፤ የጭቃ ነው። ደግሜ ጣልሁት። የወጣው ለእጅ መታጠቢያ እንኳ አይሆንም።

አምና ይህን ጊዜ ውሃ ነበረው። አምና ግን መደቦቹ የዛሬውን ግማሽ አያህሉም፤ በልተን የምናድረውም እኔና ባለቤቴ የሺ ብቻ ነበርን። ልጃችን ሙሉ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆቿን ይዛ ከመጣች ወዲህ ጓሮውን እስከ አጥሩ ድረስ ቆፍሬዋለሁ። ያን ጊዜ ቃል ገባሁላት። እህሉን ከጡረታዬ እንሸምታለን፣ የቀረውን ጓሮው ይችላል፣ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ተቀመጪ አልኋት። እስከ ዛሬ አላፈርሁም። ጎመንም ድንችም ነጭ ሽንኩርትም ከገበያ ሳንገዛ ከረምን።

አሁን ያለው፦
ከላይ፣ በቤቱ በኩል፣ ድንች። ሊያብብ ነው። ከጎኑ ነጭ ሽንኩርት።
ከታች፣ አጥሩ ሥር፣ ሦስት መደብ ጎመን። የጾሙ ወጥ እሱ ነው።

ውሃ ካላገኘ ጎመኑ ለሆሳዕና አይደርስም። ድንቹም ፍሬ ሳይዝ ይጠወልጋል። ወንዙ ሩቅ ነው፤ የመጠጡን ውሃ እንኳ ሴቶቹ ወገባቸው እየተቆረጠ ነው የሚያመጡት።

ሙሉ ባዶውን ባልዲ አይታ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ግን ደጀን ከተማ ሄዳ የመሥራቱን ነገር እንደገና አነሣች። ጓደኛዋ እዚያ፣ የጭነት መኪና የሚያድርበት ላይ፣ ምግብ ቤት ከፍታ ሠራተኛ ትፈልጋለች። እሷ ብትሄድ ልጆቹ ከእኛ ጋር ይቀራሉ፤ አንድ አፍ ይቀነሳል፣ ጥቂትም ትልካለች። የረቡዕን አውቶቡስ አስባለች። ጓሮው ሳይደርቅ አትወስኚ አልኋት። ትንሹ ልጇ ገና ጡት አልጣለም።

ዓርብ፣ መጋቢት 3

ከቤታችን በላይ ካለው የማርያም ጠበል የሚተርፈው ውሃ በአጥራችን ጥግ ወርዶ መንገዱ ላይ ይፈሳል። አህያ ይረግጠዋል፣ ይቦካል፣ ይደርቃል። ስንት ዓመት በላዩ ስራመድ ኖሬ ዛሬ ቆሜ አየሁት። የሚባክን ውሃ ነው።

ከጠዋት ጀምሬ ችካል ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ ቁልቁለቱን ለክቼ ቦይ ቆፈርሁ። በአጥሩ ሥር አሾልኬ ወደ ጎመኑ አመጣሁት። ድንቹ ያለበት ከፍ ስለሚል አይደርስለትም፤ ለእሱ ከሰኞ ጀምሬ ከቦዩ በባልዲ እየቀዳሁ አጠጣለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ገባ። ፍግ የለበሰውን አፈር እያጠቆረ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው መደብ ሄደ። ዶማውን ተደግፌ ስመለከት የክፍል ልጆች ሁሉ ፈተና ያለፉልኝ ያህል ደስ አለኝ።

የሺ ጓሮ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን አዙራ ገባች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 4

ጎመኑ ቀና ብሎ አደረ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደምሌ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “መምህር፣ ጎመንዎን አስጠመቁት አሉ። የክርስትና ስሙን ማን አሉት?” አለኝ። ሳቅሁ። ደምሌ ከማንም ጋር እንዲህ ነው። ግን ጠበል ቀድተው የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ቦዩ ዘንድ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ አማትበው ተሻገሩ። ያ ቀልድ አልነበረም።

ሙሉ ለምሳ ጎመን ቀጥፋ ነበር። የቀረበው ሽሮ ብቻ ነው። ጎመኑስ ብል የሺ፣ “አልቀቀልሁትም፣ መምህር” አለች። በስሜ የምትጠራኝ ሴት መምህር ካለችኝ ነገር አለ። ሙሉ ወደ እኔ አየች፣ ወደ እናቷ አየች። ሽሮውን በላሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 5

መጻጉዕ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ፣ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ስላጣው በሽተኛ ተነበበ። በየዓመቱ የምሰማው ንባብ ነው። ዛሬ መሬት መሬት እያየሁ አዳመጥሁት።

ከቅዳሴ በኋላ የጠበሉ አጥማቂ አባ ላቀ መጡ። ቦዩን ተከትለው እስከ ጎመኑ ወረዱ።

“ይህ ፍግ ነው?”

ነው አልሁ። ውሃው ከዚህ በፊት በመንገድ ላይ ይረገጥ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ስድስት ነፍስ ለሚመገበው ነገር እንደ ዋለ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እስክጨርስ ታገሡኝ።

“አህያ አያውቅም። እርስዎ ያውቃሉ” አሉ።

ቦዩን ይዝጉ አላሉኝም። ፍጉን እንዳነሣ፣ ስለ ቀረው ደግሞ እንዳስብበት ነግረውኝ ሄዱ።

ሰንበት ነውና ዶማ አላነሣሁም። በድንጋይ ልገድበው አሰብሁ፤ ያ ደግሞ ውሃውን ደምሌ ደጅ ላይ ይለቅቀዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በፍጉ ላይ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። እንዲህ የረዘመ እሑድ አላስታውስም።

ሰኞ፣ መጋቢት 6

ፍጉን ከሦስቱም መደቦች ጠርጌ በቅርጫት አወጣሁ። ሥር እንዳልነካ አብዛኛውን በእጄ ነው የለቀምሁት። ወገቤ አልቀና አለ። ማታ ንጹሕ ጎመን አንድ እቅፍ ይዤ ገብቼ የሺ ፊት አኖርሁት። አልነካችውም።

ፍጉ ተነሥቷል አልኋት።

“እኔ መቼ ፍጉን አልሁ?” አለች። ከዚያ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የያዘችውን ተናገረች። “ያ ውሃ የማርያም እንግዶች ውሃ ነው። ከላይ፣ ጠበልተኛ ከሚያድርበት ዳስ ሥር፣ ከሮብ ገበያ አገር የመጣች ሴት አለች፤ እግሯ የማይሸከማት ልጅ አዝላ ነው የመጣችው። ስንቋ ካለቀ ሰነበተ፤ ለምነው ባገኙት ጥሬ ነው የሚውሉት። እነሱ በተጠመቁበት ውሃ እኛ ጎመን አብቅለን፣ አጥር ዘግተን እንበላ? አይወርድልኝም።”

ስንት ጊዜ በዚያ ዳስ አጠገብ አልፌያለሁ። አይቻቸው አላውቅም ማለት ሐሰት ይሆናል። አይቻለሁ፤ አልቆጠርኋቸውም።

ተኝቼም አሰላሁት። ጎመኑን ለሁለት ብንከፍለው ለኛም ለነሱም አይበቃም። ለነሱ ከተውነው የኛ ተስፋ ድንቹ ብቻ ነው። ከጠበሉ ካልቀዳሁ ድንቹ የወንዝ ውሃ ይፈልጋል። ያንን ተሸክሜ የማመላልስበት ጉልበት ደግሞ የለኝም። እና ረቡዕ ቀርቧል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

ለሙሉ ነገርኋት። ከታች ያለው ጎመን ለጠበልተኞቹ ይሁን፤ የኛ ከላይ ያለው ነው አልሁ። ቃሌን እያጠፍሁባት እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ እሷም አላጣችውም። የትንሹን ልጅ ራስ ዳበሰች።

“ደግ አደረጋችሁ፣ አባባ” አለች። ያለ ቁጣ ነው ያለችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ጓዟን በገመድ ማሰር ጀመረች።

የሺ ትልቁን ድስት ጣደች። ከጾም መፍቻ ሰዓት በኋላ ጎመኑን ይዘን ወጣን። አባ ላቀ ባረኩት። ጠበልተኞቹ እየተሻሙ ሳይሆን በሥርዓት፣ አንዱ ለአንዱ እያካፈለ በሉ። የሮብ ገበያዋ ሴት ስሟ ታንጉት ነው። ልጇን አጉርሳ ስትጨርስ እጇን አልዘረጋችም። ለምን እንደማትበላ የሺ ጠየቀቻት።

“እኔ እጅ አለኝ፣ እሜቴ” አለች። “ልጄ ትብላ። እኔ ሳልሠራ የሰው አልበላም። የሚሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።”

ለድንቹ ከወንዝ የሚቀዳ ውሃ እንዳለ የሺ ነገረቻት። ያን ጊዜ በላች።

ማታ ደምሌ በአጥሩ በኩል መጣ። ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ ግማሽ ቁና ሽምብራ ሰጥቶኝ፣ “ከጎመኑ ጋር ይሂድላቸው” አለ። ጥቂት ሄዶ ዞረና፣ “ስሙን ግን አልነገሩኝም” አለኝ። ስም የለውም አልሁት።

ሙሉ ከራት በኋላ የታሰረውን ከጓዳ አወጣች። ጓዟ በሩ አጠገብ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 8

ሰማዩ ጥርት ብሏል። የዝናብ ምልክት የለም።

ገና ጎህ ሲቀድ ታንጉት መጣች። ልጇን ከዳሱ ሰዎች ጋር ትታ ነው። የሺ አንዱን እንስራ ሰጠቻት፤ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ሳሳያት ሙሉ ከቤት ወጣች። ለመንገድ ለብሳለች። ጓዙን አልያዘችም። አውቶቡሱ የሚነሣበት ሰዓት እየደረሰ ነበር።

ታንጉትን ቆማ አየቻት። ሴትዮዋ እንስራውን የምታዝልበት ገመድ ስላጣች በሁለት እጇ አቅፋ ልትሄድ ነው።

ሙሉ ተመልሳ ገባች። ስትወጣ ሁለተኛውን እንስራ ይዛለች፤ ጓዟን ያሰረችበትንም ገመድ ፈትታ ይዛለች። ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ለታንጉት ሰጠች፣ በግማሹ የራሷን አዘለች። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ከየትኛው ትልም እንጀምር?”

ከዳርኛው አልኋት። እሱ ነው አብዝቶ የጠወለገው።

እስከ ረፋድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። እኔ በጣሳ እያንዳንዱን ሥር አጠጣሁ፤ ግማሹ ትልም ደረሰ። የቀረው ነገ ነው። አውቶቡሱ አርፍዶ ወደ ደጀን ሲወርድ ጥሩንባው ተሰማ፤ ማናችንም ቀና አላልንም።

አሁን ማታ ነው። የሙሉ ልብሶች ሳይታሰሩ በሩ አጠገብ ተከምረው ቀርተዋል። ወደ ሣጥኑ አልመለሰቻቸውም። አውቶቡስ ዓርብም አለ። ገመዱ ግን ከእንስራው ጋር ነው፣ እንደ ረጠበ።