ሬዲዮው ዝም ሲል ስደቡት

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ ላሳደገችኝ ለእትዬ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? እማዬስ ከሐዘኑ ወዲህ እህል መቅመስ ጀመረች? እኔ ልቤ አልጠና አለኝ እንጂ ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን ማን ጻፈልህ እንዳትዪ፤ ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ሆኜ ጨርሻለሁ። መምህሩ ደረጃ አልሰጠንም ቢልም እኔ ራሴን አውቃለሁ።

ነገሩ የታናሻችን ዘፈን ነው፤ ሊሞት ሲል የቀዳው፣ እማዬ በሬዲዮ ካልሰማሁ ያለችው። አባባ ከመካከላችን አንዱ ሲታመም አልጋው አጠገብ ቆሞ በሽታውን ሲሰድበው ትዝ ይልሻል? «አንተ ቂጠ ሰፊ፣ ማን ተቀመጥ አለህ? ውጣ ከልጄ!» ሲል እኛ በሳቅ እንፈርስ ነበር። ታናሻችን ያንንና ከዚያ የባሰውን ሁሉ ዘፈኑ መሐል አስገብቶታል። እያሳለው ነው የሚሳደበው፣ እትዬ።

ሬዲዮ ጣቢያው ሲጠራኝ የልስን ሥራዬን ጥዬ፣ ኖራው ከጥፍሬ ሳይለቅ ሄድኩ። ስድቡ ካለበት ካሴቱ ሽፋኑ ላይ «ለልጆች የማይሆን ቃል አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ በሱቅ ብቻ ይሸጣል፣ በሬዲዮ የሚተላለፈው ስድቡ ከወጣ ነው አሉኝ። ከዘፈን ገምጋሚዎቹ ኮሚቴ አንዱ የሟች ቃል አይቆረጥም ብሎ ከሰብሳቢዋ ጋር ተጨቃጨቀ። ምላሴን ታውቂዋለሽ፤ የተሰደበው በሽታ ነው፣ ቅር ካለው ራሱ መጥቶ ይክሰስ አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን ቀስ ብላ «በሽታው አይሰማም፤ ልጆች ግን ይሰማሉ» አለችኝ። እኔ፣ እትዬ፣ ወረቀቱን አምጡ አልኩ።

እናንተ ቤት ከሬዲዮ በቀር ማጫወቻ የለም። ስለዚህ ይቆረጥ ብዬ ፈረምኩ፤ እንደ ድሮው በጣቴ ሳይሆን ስሜን ጽፌ። የመጀመሪያ ፊርማዬ የወንድሜን አፍ መዝጊያ ሆነ።

በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ይለቀቃል። መሐሉ ላይ ድምፁ ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ይቀራል። ሬዲዮው ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደበድቡት። እዚያ ቦታ ላይ እናንተ እንደ አባባ በሽታውን ስደቡት። እማዬም ከጀመረች ነውር ነው እንዳትሏት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ያን ዝምተኛ፣ በዚያች ቀን እንኳ አፉን ይክፈት በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ይህን ስላነበበችልሽ ጎበዝ በያት። ትንሹን ግን አቅፈሽ አስቀምጪው፣ ስትሳደቡም ጆሮውን እንዳትይዢበት፤ አጎቱን ሌላ የሚሰማበት ቦታ የለውም።

ወንድምሽ
ከልብስ ሰፊው ጓሮ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ ከሥራ መልስ