የኃላፊው ስም ከጽዳት ሠራተኛዋ በታች ስለ መውጣቱ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደጅይጥኑ መንግሥቴ
የብሩህ ጎዳና ልማት ማኅበር የሰቆጣ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ በማኅበሩ በር ለሚያልፍና ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም በቅርቡ በአንድ የኮምፒውተር ስክሪን ምክንያት ክፉኛ የተጎዳው ክብርዎ ፈጥኖ እንዲያገግም ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ምንዋጋው ዓለምነህ እባላለሁ፤ ከገበያው ራስጌ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሬዲዮም ያስተማረኝ አልነበረም። የጽሕፈት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ተዋበች የእህቴ ልጅ ናት። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አድሎ የለብኝም ብዬ አልዋሽም፤ አለብኝ፣ ያውም እስከ ጉሮሮዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ በስጦታ ያገኘው ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን፣ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ስም ትጠይቃለች። ስም ሲሰጧት የይለፍ ቃል ትላለች፤ የይለፍ ቃሉን ሲሰጧት ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ትጠብቃለች። ትእዛዙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሠራተኛው ሁሉ “ተበላሽቷል” ብሎ ጨርቅ አለበሰው። እርስዎም አስጠርተውኝ፣ “ጋሽ ምንዋጋው፣ ይህን ጥቁር ነገር እባክዎ ሰው ያድርጉልን” አሉኝ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። የጎደለው በር ላይ ቆሞ የመጣውን የሚቀበልና ስሙን ጠይቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። ከሲዲ ጫንኩት። ከዚያም ማሽኑ ሲነሳ የት ድረስ መሄድ እንዳለበት የሚናገር አንድ ፋይል ከፍቼ፣ ሦስት የምትለዋን ቁጥር አጥፍቼ አምስት ጻፍኩ፤ በሦስት ሲሆን ጥቁሩ ላይ ይቆማል፣ በአምስት ሲሆን እስከ ባለ ሥዕሉ መግቢያ ይዘልቃል። የስክሪኑን ዓይነት አሳስቼ ስለነገርኩት መጀመሪያ እየበራ እየጠፋ አናደደኝ፤ ተሳደብኩ፣ አስተካከልኩት፣ ተስማማን። በማግሥቱ የሠራተኛው ሁሉ ስም ከነፎቶው ተደርድሮ ወጣ። ሰው የራሱን ስም ይነካል፣ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ይገባል። እርስዎም ከራቫት ባሰሩበት ፎቶ ወጥተው ነበር፤ አምሮብዎታል።

ይህ ፕሮግራም ግን አንድ አመል አለው። ደጋግሞ የሚገባን ሰው ስሙን ፍለጋ እንዳይደክም ብሎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሳምንታት አለፉ። እርስዎ ከጋዝጊብላ የመጡ የገበሬ ተወካዮችን ይዘው ማሽኑን ሊያሳዩ ሲገቡ ተዋበች ከሁሉ በላይ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ እታገኝ ከሥሯ፣ ዘበኛው ገብረ ሊባኖስ ሦስተኛ፣ እርስዎ ደግሞ ከሁሉ በታች ሆነው ተገኙ። ገብረ ሊባኖስ የሚገባው ካርታ ለመጫወት እንደሆነ አልደብቅዎትም፤ ቢሆንም ገብቷል። ከእንግዶቹም አንዱ አዛውንት በቅንነት፣ “ከላይ ያለችው ሴትዮ ናት አለቃችሁ?” ብለው ጠየቁ። ተዋበች ሻይ ይዛ ስትገባም ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

በማግሥቱ ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝዎ ደረሰኝ። ስለ ትእዛዙ ያለኝን ምስጋና በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስሞቹ “በሥራ ኃላፊነት ተዋረድ” እንዲደረደሩ አዝዘዋል። በድግስ ማን የት እንደሚቀመጥ እኔም አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቄስ ሲመጣ ተነሥቼ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ጠጋ ብዬ ነው ያረጀሁት። ማሽኑ ግን ድግስ ተጠርቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የመጣውንና ያልመጣውን ብቻ ነው። ለክብርዎ ስል የማስተካከያ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሰላምታውን ቃል የሚለውጥ አለ፣ ሥዕሉን የሚለውጥ አለ፣ ሥልጣን የሚያይ ግን የለም። የሠራው ሰው እርስዎን ስለማያውቅ ነውና ይቅር ይበሉት። ዝርዝሩን ጨርሶ መደበቅ እንደሚቻል ነግሬዎት ነበር፤ ፎቶዎም አብሮ እንደሚጠፋ ሲሰሙ እምቢ አሉ። ደግሞ ልብ ይበሉልኝ፤ የማሽኑ የበላይ ገዥ፣ ሩት የሚባለው፣ ማንንም ማስገባትና ማስወጣት የሚችለው፣ ስሙም ፎቶውም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሥልጣን ካለው ወዲያ መለጠፍ አላስፈለገውም።

ሁለተኛ፦ ይህ ካልተቻለ መግቢያው ተነሥቶ ማሽኑ “ወደ ቀድሞ ገጽታው እንዲመለስ” አዝዘዋል። ማንም የማይገባበት ጥቁር ስክሪን ማንም ማንንም የማይበልጥበት መሆኑን በማስተዋልዎ አደንቅዎታለሁ። እኩልነትን በዚህ መንገድ ያመጣ ኃላፊ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢያጥር ይታገሱኝ። የተዋበች ስም ከማሽኑ እንዲሰረዝ አዝዘዋል፤ ምክንያቱም “የሥራ ድርሻዋ ወለል ነው” ብለዋል። ከዚያ በፊትም በኮሪደሩ አስቁመው፣ “አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያና ኪቦርድ ምን አገናኛቸው?” ብለው ሲጠይቋት፣ “ጋሼ፣ ሁለቱንም የማጸዳው እኔ ነኝ” ማለቷን ሰምቻለሁ። ይህን መልስ እኔ እንዳላስተማርኳት በማርያም ስም እምላለሁ፤ ባስተምራት ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ተዋበች የማታ ትምህርቷን ጨርሳለች። ጸሐፊዋ ለወሊድ ከወጣች ወዲህ ደብዳቤዎን ሁሉ የምትጽፍልዎ፣ ወለሉን ከጠረገች በኋላ፣ እሷ ናት። አሁን ጸሐፊዋ ወደ ወልድያ ስለ ተዛወረች ለቦታው ማስታወቂያ አውጥተዋል፤ ተዋበችም ተመዝግባለች፤ ፈተናው ሰኞ በዚሁ ማሽን ላይ ነው። ስሟ እንዲሰረዝ የታዘዘው ደግሞ አርብ ነው። ስሟ ከሌለ አትገባም፣ ካልገባች አትፈተንም። አቆጣጠርዎ እንዴት እንዲህ እንደ ሰመረልዎ ገርሞኛል።

ለመሆኑ ያንን ትእዛዝ ማን ጻፈልዎት? እሷው። ተቀምጣ፣ የራሷን ስም “ይሰረዝ” ከሚለው ቃል ፊት አስቀምጣ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት አትማ፣ “ማኅተም ይምቱበት ጋሼ” ብላ በሁለት እጇ ሰጠችዎት። እኔ ዘንድ መጥታም፣ “አጎቴ፣ እኔን የሚያስወጣው ወረቀት ላይ እንኳ ኅዳጉን አሳምሬለታለሁ” አለችና ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። ልቅሶዋን ችዬው ነበር፤ ያልቻልኩት ሳቋን ነው።

አራተኛ፦ ለማሽኑ ሥራ ካልሆነ በቀር ወደ ግቢዎ እንዳልገባ ስለ ከለከሉኝ የጫማዬ ሶል ያመሰግንዎታል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። መግቢያውን አላነሣም። አምስቷን ወደ ሦስት አልመልስም። የተዋበችን ስም አልሰርዝም። አግቶ ያዘው እንዳይሉኝ ደግሞ የማሽኑን የበላይ ገዥ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ለእታገኝ አስረክቤያለሁ፤ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ቁጥሯ የትኛው መስመር ላይ እንዳለች በግልጽ ጽፌበታለሁ። የልጅቱን ስም ማጥፋት ካሻዎ፣ በእኔ እጅ ሳይሆን፣ በእሷም እጅ ሳይሆን፣ በራስዎ ጣት ያጥፉት። ለዚህ ግን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ መቀመጥ፣ ስምዎን መንካት፣ መግባት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን አይሳካልዎትም፤ እኔንም ብዙ አስቸግሮኛል። ደጋግመው መግባትዎ አይቀርም። ደጋግመው ከገቡ ደግሞ ስምዎ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣልና ያኔ የሚሰረዝ ሰው አያስፈልግዎትም።

ሰኞ ጠዋት ከበሩ ውጭ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ በሕግ በተፈቀደልኝ ቦታ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የእህቴ ልጅ ከወደቀች በችሎታዋ ትውደቅ፤ እጄን ዘርግቼ ይዣት ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ አንድ ቃልም አልናገርም። ሳትፈተን ከተመለሰች ግን ከእኔ ጋር ገና ብዙ እንጻጻፋለን፤ ወረቀቱ አለኝ፣ የገበያ ቀን ደግሞ አንባቢ አይጠፋም።

ስምዎ ከታችም ሆነ ከላይ ቢወጣ አክብሮቴ ከቦታው የማይነቃነቅ፣
የግቢዎ ክልክል፣ የክብርዎ አሳቢ፣ የተዋበች አጎት፣

ምንዋጋው ዓለምነህ
ሬዲዮ ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተዋበች ለርስዎ አዝና፣ “አጎቴ፣ ጠዋት ጠዋት በስማቸው ገባ ወጣ ብዬ ከላይ ላውጣቸው ይሆን?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከልክያታለሁ። በወጣው ማስታወቂያ ላይ የጸሐፊነቱን ሥራ እንጂ የኃላፊውንም ደርቦ መሥራት የሚል አላነበብኩም።