ለሰው የተከለከለው ራምፕ ለዕቃ ስለ መፈቀዱ

ተፈቀደ! ኧረ ተፈቀደ! በትምህርት ቤታችን በር ላይ ራምፕ እንዲሠራ፣ ማለትም ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ቀስ እያለ ከፍ የሚል መንገድ እንዲነጠፍ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሃያ ስድስት ዓመት ሲከለክል ኖሮ በአራት ቀን ፈቀደ፤ ማኅተሙም ክብ፣ ሰማያዊና ያልተንሻፈፈ ነው። ደስታዬ ቀድሞኝ ሰላምታ ረሳሁና ይቅርታዎን እየለመንሁ እንደ ገና እጀምራለሁ።

ለክቡር የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ላይም እኔ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ የተለጠፈው «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ አንድ ቀን ጉልበትዎ ቢከዳዎ ማን አዝሎ ከወንበርዎ ያደርስዎታል እያልሁ እሳቀቃለሁ።

እኔ የአርክቴክቱ ታናሽ እህትና ጸሐፊ ነኝ። የተማርሁት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ቢሆንም፣ ከሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ የወንድሜን ማመልከቻ ሁሉ የተየብሁት በእነዚህ ጣቶች ነው። ወንድሜን ያውቁታል፤ ሠራተኞችዎ «አቶ ዘንበል» እያሉ የሚሳለቁበት፣ ጥቅል ንድፍ በብብቱ ሸጉጦ በየሰኞው ደጅዎን የሚጠናው ረጅሙ ሽማግሌ ነው። ዕድሜ ልኩን የለመነው ሁለት ነገር ነው፦ ሕንፃ ሰውን ሁሉ በፊት በሩ ያስገባ፣ ደግሞም ለነፋስና ለፀሐይ ተገቢውን ስፍራ ሰጥቶ ምድሪቱን ሳያራቁት ይቁም። ጥፋቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ደስታዬን ምክንያት አድርጌ የተዋለልንን ውለታ በተራ ቁጥር ላመስግን።

አንደኛ፣ ስለ መዝገብ አያያዝዎ። ወንድሜ ራምፕ ያለበትን ንድፍ መጀመሪያ ሲያመጣ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በቅጹ ላይ ራምፕ የሚባል ሣጥን ስላጡ «ጌጣጌጥ» በሚለው ሥር መዘገቡት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ጌጥ ለጊዜው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» የሚል መልስ ስንቀበል ኖርን። ወንድሜ ነገሩ ጌጥ አለመሆኑን ለማስረዳት አሥራ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ እሱም «ስለ ጌጥ የቀረበ ተጨማሪ ማብራሪያ» ተብሎ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ስለ ጥናትዎ። «ባደረግነው ማጣራት በዊልቸር የሚሄድ ሰው አቤቱታ ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ ስለማያውቅ ችግሩ አለመኖሩ ተረጋግጧል» ብለው ጽፈውልናል። ከጉድጓድ ወጥቶ ያልተናገረ ጉድጓድ አልገባም እንደ ማለት ነው። ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስላልገጠመኝ፣ ለልጅ ልጆቼ ብዬ ቅጂውን አስቀምጫለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስታወቱ። የእርስዎ ሕንፃ ሲሠራ ወንድሜ «ይህ ፎቅ ፊቱን ለምዕራብ ፀሐይ ሰጥቶ ሙሉ መስታወት ከለበሰ ሰው ይቀቅላል፤ በአካባቢያችን ድንጋይ ይሠራ፣ መስኮቶቹም ተያይተው ነፋስ ያሳልፉ» ቢል፣ «ሰውዬው ዘመናዊነት አይገባውም» ተባለ። ባለፈው ወር ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ ስገባ ዘመናዊነትን በዓይኔ አየሁት፤ ጸሐፊዎ በዶሴ እያራገቡ ነበር፣ መስታወቱ ላይም ፀሐይ እንዲከላከሉ ትላልቅ ወረቀቶች በፕላስተር ተለጥፈዋል። ቀረብ ብዬ ባይ የወንድሜ ውድቅ የተደረጉ ንድፎች ናቸው። ሥራው በመጨረሻ ለመንግሥት ሠራተኛ ጥላ በመሆኑ ቤተሰባችን ኮርቷል።

አራተኛውን እንኳ ባልቆጥረው እወድ ነበር። የሰፈራችን አናጺ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እግሮቿ አይታዘዟትም። አባቷ ዊልቸሯን ታች አቁሞ፣ እሷን አዝሎ የትምህርት ቤቱን አሥራ አራት ደረጃ ጠዋት ሲወጣ፣ ከሰዓት ሲወርድ ሰባት ዓመት ኖረ። ልጅ ያድጋል፣ ወገብ ግን አብሮ አያድግም። ዘንድሮ ወገቡ እምቢ አለው። ጎረቤቶች ተራ ገብተን እናዝላት ብንል፣ ልጅቱ «ከእንግዲህ በሰው ጀርባ አልሄድም» ብላ ደብተሮቿን አልጋዋ ሥር ከተተች። ርእሰ መምህሩም እስከሚቀጥለው መንፈቅ ካልተመለሰች ስሟ እንደሚሰረዝ አስታወቁ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሃያ ሰባተኛውን ማመልከቻ አስጻፈኝ። ያን ቀን ቅጻችሁ አልቆ ነበርና፣ እኔ ሞኟ ከፋይል ውስጥ ለመጋዘን ዕቃ ማስገቢያ ራምፕ የተሞላ አንድ አሮጌ ቅጽ አውጥቼ ስሙንና ቦታውን ቀየርሁ፤ «የሚተላለፍበት፦ ዕቃ» የሚለውን ግን ሳልሰርዝ ረሳሁት። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ተንኮል አልነበረኝም፤ ወንድሜማ ሞቶ እንኳ አይዋሽም። በአራተኛው ቀን ተፈቀደ። መሐንዲስዎም በገዛ እጃቸው «ካርቶኖቹ እንዳይንገላቱ ዳገቱ ይበልጥ ለስለስ ይበል» የሚል ርኅራኄ ጨምረውበታል። ካርቶን ሆኖ መፈጠር እንዴት ያለ መታደል ነው!

ወንድሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀና «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው፣ ሰው፣ ሰው ስል ኖርኩ፤ ለካ ዕቃ ማለት ነበረብኝ፣ አንቺ!» አለኝ። እኔ እልል ልል የከፈትሁት አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ። ቀጥሎም «በስሕተት የተገኘ ፈቃድ ላይ ድንጋይ አላስቀምጥም» ብሎ ሊመልስልዎ ኮቱን ሲለብስ፣ አናጺው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ጋሼ፣ ዕቃም ትባል፣ ልጄ ትግባልኝ» አለው። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ከምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ከፈረሰው የትምህርት ቤት አጥር ድንጋዩን ለቅመን፣ አዲስ ነገር ሳንገዛ ማለት ይቻላል፣ በሦስት ሳምንት ነጠፍነው። ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ጎማዋን በገዛ እጇ እየገፋች ወጣች፤ ላይ ስትደርስ ዞራ «አባዬ፣ ሥራህ ሂድ እንጂ!» አለችው። እሱ ግን ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት፣ ደወል እስኪደወል ታች ቆሞ ቀረ።

ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ ለምን አዘገየሽው ቢሉኝ፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ነው። ፈቃዱን መሰረዝ ከፈለጉ ዶማ ይዘው ይምጡ፤ ልጅቱም ከላይ ሆና ታይዎታለች። እኔ የምለምነው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ዕቃ» የሚለው ተሰርዞ «ሰው» ይባል። ወንድሜ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ይህችን ቃል በማኅተም ሳያይ እንዲሞት አልፈልግም።

በአራተኛ ፎቅ ከፍታዎ ሳይሆን በቸርነትዎ የምታምነው፣ ሃያ ሰባት ማመልከቻ ተይባ አንዱን በመሳሳቷ ብቻ የተሳካላት፣

የአቶ ዘንበል እህት

ጨምሬ ልበል፦ ምርቃቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ በእግሩም፣ በጎማም፣ በምርኩዝም ይምጣ፤ እርስዎም እንዳይቀሩብን። ቃሉ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ግን ሕግ አክባሪዎች ነንና፣ በራምፑ ለሚወጣ እንግዳ ሁሉ «ዕቃ» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ፤ የክቡርነትዎን «ተሰባሪ፣ በጥንቃቄ ይያዝ» ብዬ ከወዲሁ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።