ከጋሽ ቆይ ወንበር ላይ የተነሳው ሹራብ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ፣ ወይስ ዛሬም እምቢ ብለሽ ባልዲ ታነሻለሽ? ልጅሽና ጨቅላዋስ እንደምን ናቸው? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ሆዴ ግን አባባ ካረፈ ወዲህ ደኅና አይደለም፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

ስለ አባባ ክፍል የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ከረምኩ። አራስ ልጅሽ ሳሎን ውስጥ ተጨናንቃ እንደምትተኛ አውቃለሁ። በስልክ "እኔ ሳልመጣ መርፌ እንኳ እንዳይነሳ" ብዬ ስቆጣ አንቺ ዝም አልሽ። ሩቅ ሆኜ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፣ አፈር አላለበስኩትም፤ ክፍሉ እንዳለ ከቆየ አባባም ያለ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ መልሶ ወደዚሁ ያመጣኛል። የምንሠራት መሣሪያ ትንሽ ናት፤ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሆና የመድኃኒቱን ጠብታ ትቆጥራለች። ፕሮግራሟን በራሷ ማዘጋጀት ስለማትችል እኛ በትልቅ ኮምፒውተር አዘጋጅተን እንጭንባታለን። ላይብረሪ የምንለውም አለ፤ ሌሎች ጽፈው ያኖሩት፣ እኛ ተውሰን የምንጨምረው ሥራ ነው። ይህን ሁሉ የጀመሩት አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። ለቸኮለ ሁሉ "ቆይ፣ ቆይ" ስለሚሉ ጋሽ ቆይ የሚል ስም ወጣላቸው። ከአባባ ጥቂት ቀደም ብለው በድንገት አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ጉድ ፈላ። ፕሮግራሙ በእሳቸው ኮምፒውተር ሲዘጋጅ መሣሪያዋ በደንብ ትሠራለች፤ በእኛ ሲዘጋጅ ግን ጠብታውን አዛብታ ትቆጥራለች። በሰው ሕይወት ቀልድ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተራቸው ላይ "አይነካ" የሚል ወረቀት ለጠፍን። ሹራባቸው ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቁልፎቹ አቧራ እንደለበሱ ቀሩ። እዚያ የሚቀመጥ ጠፋ።

አለቃችን ምክንያቱን ፈልግ ብላ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። እኛ የጻፍነውን መስመር በመስመር ስፈትሽ ከረምኩ፤ ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ኖሯል። አባባ ሩቅ ላለ ደንበኛ ሱሪ ሲሰፋ፣ የተላከለት ልክ ጠፍቶበት በራሱ ወገብ ለክቶ መስፋቱን ታስታውሻለሽ? የአባባን ወገብ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሰውዬው ሁለት እግሩን በአንዱ የሱሪ እግር ከትቶ ፎቶ ላከለት። የእኛም ኮምፒውተሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለትንሿ መሣሪያ የሚሆነውን ላይብረሪ ሲያጡ በራሳቸው ልክ የተሠራውን ይወስዳሉ። ጋሽ ቆይ ትክክለኛውን አዘጋጅተው በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ አኑረውት ነበር፤ ለማንም ሳይነግሩ ሞት ቀደማቸው።

ያንን አውጥቼ ሁላችንም የምናገኘው ቦታ አኖርኩት፤ ኮምፒውተሮቹም የራሳቸውን ልክ እንዳይወስዱ አገድኩ። በአዲስ ኮምፒውተር አዘጋጅተን ስንጭንባት መሣሪያዋ አንድም ጠብታ ሳትስት ቆጠረች። ሁሉም አጨበጨበ። ወዲያው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መጣና "እንግዲህ ይሄ አያስፈልግም አይደል?" ብሎ የጋሽ ቆይን ኮምፒውተር ገመድ ነቀለው። ሹራቡን አጣጥፎ እጄ ላይ አኖረልኝ። እትዬ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ለጋሽ ቆይ ብቻ አልነበረም። የአባባን እርም ያወጣሁት ያን ቀን ነው።

ሹራቡን ለባለቤታቸው ወሰድኩላቸው። ተቀብለውኝ አሸተቱትና፣ "ስጠብቀው ነበር እኮ ልጄ፤ ስጡኝ ለማለት አፍሬ ነው" አሉኝ። ያኔ በስልክ ዝም ያልሽኝ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ ክፍሉን ለልጅሽ ልቀቂላት። ልብሱን ለሚለብሰው ስጪ። የስፌት መኪናውንም የሚሠራበት ሰው ይውሰደው፣ ቆሞ አይዛግ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ትንሽ ቁሚልኝና "ልጅህ መድረስ አልቻለም" በይልኝ።

ባለቤትሽን ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ያን ቀን በስልክ ስጮህ ሰምቶ ከሆነ ይቅር ይበለኝ። ባለ ሱቋን ጎረቤታችንን በቀብሩ ስለቆመችልኝ አመስግኚልኝ። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጨቅላዋንም ሳሚልኝ፤ ከእንግዲህ በአባባ ክፍል እንደ ልቧ ታልቅስ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ፣ ጥር 14 ቀን