የቀዘቀዘው ጭስ ማውጫ

ሰኞ፣ ጥር 12
ዛሬም ሙቀት የት እንደሚያመልጥባቸው ለማየት አሥራ አንድ ሕንፃ አነሳሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሙቀት ካሜራው ግን እንዲህ ያለ ቀን ይመቸዋል። ሰውም፣ ድንጋይም፣ የሾርባ ድስትም ዓይን የማያየው ጨረር አለው፤ ኢንፍራሬድ። ውጭው ሲቀዘቅዝ ከግድግዳ የሚያመልጠው ሙቀት ቢጫ ሆኖ ቁልጭ ይላል።
አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ ብቅ ብሎ "እኛን ነው የምታነሺው?" አለኝ።
"ግድግዳችሁን ነው።"
"ሚስቴንም ጨምሪያት፤ እሷም እንደ ግድግዳው ነው የምትሰማኝ!"
ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?
ቤት ስገባ አማቴ ደሳንካ የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ትጠቀጥቃለች። በሩ ላይ ብርድ ልብስ። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ጥጥ። "ፕሮማያ ነው፣ ልጄ። የአጎቴን ፊት ያጣመመው ምን መሰለሽ?" ፕሮማያ ማለት በመስኮትና በበር መሀል ሽው የምትል ንፋስ ናት... እንደ አማቴ ከሆነ ከጦርነት ይልቅ ሰው የጨረሰችው እሷ ናት። አንገትሽን ራኪያ፣ የፍሬ አረቄ፣ ካልቀባሁሽ ብላ ስታስጨንቀኝ አመሸች።

ረቡዕ፣ ጥር 14
ባሌ ራትኮ ደወለ። ሦስት ዓመት ኦስትሪያ። ሦስት ዓመት "ትንሽ ታገሺ፣ እናቴን ብቻዋን አትተያት።"
ሩቅ ኖቪ ሳድ ከተማ ያለ መሥሪያ ቤት ያመለከትኩበትን ሥራ ሰጥቶኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?
ራሴን ያመኛል። ስወጣ ይተወኛል፣ ስገባ ይመለሳል። ቤቱ ጠልቶኝ ይሆን?

ዓርብ፣ ጥር 16
ካሜራውን ይዤ ገባሁ። በዓይኗ ካየች ታምን ይሆናል ብዬ...
"ይዩ እማማ፣ ንፋስ የሚገባበት ቦታ ሰማያዊ ይሆናል። አንድም የለም።"
"ስለደፈንኩት ነዋ!"
ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። መስታወት ለዓይናችን ክፍት ነው፤ ለዚህ ጨረር ግን ዝግ ነው። የጓሮው ፕለም ዛፍ የለም። መንገዱም የለም። ያለው የራሴ ገላ ብቻ፣ መስታወቱ ላይ ቢጫ ሆኖ። እኔ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። እዚህ ቤት ውስጥ አርጅቼ እንደምሞት ታየኝና አለቀስኩ።
"አየሽ፣ ዓይንሽን ንፋስ መታሽ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
በሥርዓቱ ልጻፈው።
ከሥራ በጊዜ ተመለስኩ። ገና ብርሃን ነበር። ከመንገድ ማዶ ቆሜ እንዲያው ለጨዋታ ሰፈሩን በካሜራ አነሳሁ። የጎረቤቱ ሁሉ ጭስ ማውጫ ግሎ ነጭ ሆኗል። የእኛ ሰማያዊ። ምድጃው ያለበት ግድግዳ ግን ቢጫ። እሳቱ አለ፤ ጭሱ አይወጣም። አየር ካልገባ በምን ይወጣል? አየር የሚገባበትን ሁሉ ደፍነነዋል። የራስ ምታቴም ያኔ ገባኝ፤ ቤት ውስጥ የቀረው የጭሱ መርዝ ነው። ደሳንካ ውስጥ ናት።
ቆምኩ...
ከዚያ ሮጥኩ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ፤ መስኮቱን በወንበር ሰበርኩት። ደሳንካ ምድጃው አጠገብ ተዝለፍልፋለች። ጎትቼ በረዶው ላይ አወጣኋት። "መስኮቱን ዝጊው..." ብላ አጉረመረመች።
ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ" ሲል ሳላስጨርሰው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 22
ፎቶዎቹ ላይ ሰዓት አለ። የመጀመሪያው አሥር ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። ሁለተኛው አሥር ከአሥራ አንድ። ያው ጭስ ማውጫ፣ ያው ሰማያዊ። ሁለተኛውን ለምን አነሳሁት? አራት ደቂቃ ሙሉ ምን ሳስብ ነበር?
አውቃለሁ። ኖቪ ሳድን።

እሑድ፣ ጥር 25
ከሆስፒታል ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። "ምራቴ ነፍሴን አተረፈች!" ትላለች፣ እጄን ይዛ አትለቅም። ራትኮም በስልክ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?" አለኝ። አሁንማ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? በፊት የያዘኝ ይሉኝታ ነበር። አሁን የሌለኝ ደግነት ያዘኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 28
ነገርኳት። ባቄላ እየለቀምን ነበር።
"እማማ... ያን ቀን ቶሎ አልሮጥኩም። ሁሉም ገብቶኝ፣ አራት ደቂቃ ቆሜያለሁ።"
ባቄላዋን ለቀመች።
"እኔ እዚህ ቤት የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አለች። "አማቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች። ውስጥ ያለችው እሷ ብትሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ እስኪመሽ እቆም ነበር።"
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። የኖቪ ሳድን ነገር ያኔ አወጣሁት።
"መቼ ነው የምትጀምሪው?"
"እርስዎስ?"
"የወለድኩት ልጅ አለኝ አይደል?"
ስልኩን አነሳች። ጆሮዋ ስለደከመ ስትደውል ትጮኻለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።
"ራትኮ! ወደ ቤትህ ና። ሚስትህ ሥራ ይዛለች፣ ልትሄድ ነው... ምን? ቅሪ በያት? አይሆንም። እኔ አልለምናትም።"