ማዕዘናቸው የተከረከመ የሌምፒ ካርዶች

እኔ አርቪድ ማኪ፣ የሟቿ የሌምፒ ባል፣ የሩዲና የካርሊን አባት፣ ወንድ ልጄ ያልሠራውን ጥፋት እንደሠራ እህቱ ስታምን አይቼ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኑዛዜ በንብረት እንደሚጀመር አላጣሁትም፤ ነገር ግን ይህን ሳላስቀድም ስለ ቤትና ስለ ጀልባ ብናገር አፌ እሺ አይለኝም።

ይህን የማስጽፈው ኖቬምበር 9 ቀን 2023፣ በሚኒሶታ፣ በሂቢንግ ከተማ፣ በገዛ ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ቃሌን የምትጽፈው ጎረቤቴ ዶሪን ላህቲ ናት፤ ምስክሮቼ እሷና የጥንት ጓደኛዬ ስታን ዙፓን ናቸው። ስታን “አእምሮህ ከመቼ ወዲህ ነው በቦታው የተገኘው?” ብሏል። ዶሪን ይህም ይጻፍ ወይ ብትለኝ ጻፊው ብያታለሁ።

ቤቱ ከነግቢው ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። ፒያኖውና የእናቷ መዝሙር መጽሐፍ ለካርሊን ነው፤ በየእሑዱ ከእናቷ ጎን ቆማ ገጹን የምትገልጥላት እሷ ነበረች። ሳውናው፣ በጋለ ድንጋይ እንፋሎት የምንታጠብበት ቤት፣ ለሩዲ ነው፤ ድንጋዮቹን ከሐይቁ ዳር አብሮኝ ለቅሟል። የጀልባው ሞተርም ለሩዲ ይሁን። በጎረምሳነቱ የቀድሞውን ሞተሬን ሳያስፈቅደኝ ሸጦ ለአንዲት ልጅ ቀለበት መግዛቱን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ልጅቱ ቀለበቱን እንዳጠለቀች ጥላው ፋርጎ ከተማ ገባች። ያኔውኑ ይቅር ብየዋለሁ፤ ሆኖም በየበዓሉ ገበታ ላይ ነገሩን እያነሣሁ ሰው ሳስቅበት ኖሬአለሁ። ለኋላው ክፉ ነገር መንገዱን የጠረገው ይኸው ቀልዴ ነው። ልጆቼ፣ ይቅር ያላችሁትን ነገር መልሳችሁ ገበታ ላይ አታቅርቡት።

የበረዶ መጥረጊያው ማሽን ለስታን ነው።

“አይነሣም እኮ” አለ ስታን።

“ገመዱን ሁለቴ ስትስበው ይነሣል።”

“ስንት ክረምት ተውሼዋለሁ፤ በሁለቴ ተነሥቶ አያውቅም።”

እንግዲህ ከነአመሉ ይውሰደው።

አሁን ወደ ካርዶቹ ልምጣ። ሌምፒ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ፎቶና ስም የታተመባቸውን ትንንሽ ካርዶች ትሰበስብ ነበር፤ ለዋጋቸው ብላ ግን አልነበረም። የምትወደው ተጠባባቂ በረኞችን ነው። “ያን ሁሉ ልብስ ለብሶ ማንም ግባ የማይለው ሰው አንጀቴን ይበላኛል” ትል ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ ካርዶቹን መጫወቻ አደረገችላቸው፤ ዓይናቸውን እንዳይወጋቸውም የእያንዳንዱን ካርድ አራት ማዕዘን በመቀስ ክብ አድርጋ ከረከመችው። ካርድ ሰብሳቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ማዕዘኑን ነው። በሰብሳቢ ዓይን ሌምፒ የሠራችው ነፍስ ማጥፋት ነው።

በመጨረሻው ክረምቷ ስሜን ረሳችው። “አንተ ደግ ሰውዬ” ትለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ካርዶቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ የአንዱን ተጠባባቂ በረኛ ስም ከነማልያ ቁጥሩ ጠራች፤ ፈገግም አለችለት። ሃምሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ በወረቀት በረኛ ቀናሁ። ከቀበርኳት በኋላ ካርዶቹን በሙሉ በሳጥን አሽጌ፣ የሰው ካርድ ተረክቦ በኢንተርኔት ጨረታ ለሚሸጥ ድርጅት በፖስታ ላክኋቸው። ምድር ቤቱን ላጸዳ ነው አልኩ። ይህን ውሸት መጀመሪያ የነገርኩት ለራሴ ነው።

በዚያ ድርጅት አሠራር እያንዳንዱ ካርድ ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሣና ለጨረታ ይወጣል፤ ሲሸጥ እነሱ ድርሻቸውን ቆርጠው የቀረውን በስምህ ያስቀምጡልሃል። ውድ ውዱ ቶሎ ይወጣል፤ ርካሹ ወረፋ ይጠብቃል። የሌምፒ በረኞች ለወራት ጠብቀው፣ እዚያም እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው፣ ኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይወጡ ጀመር።

ካርሊን ለምስጋና በዓል መጥታ “አባዬ፣ የእማዬ ካርዶች የት ሄዱ?” አለችኝ።

“ሩዲ ሰሞኑን ምድር ቤት ሲወጣ ሲወርድ ነበር” አልኳት። እውነት ነው፤ ቧንቧ ሲጠግንልኝ ነበር።

“ሸጣቸው?”

ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ።

“እንደ ሞተሩ” አለች።

ለወንድሟ ፊት ለፊት ነገረችው፤ ማለ፣ አላመነችውም። እሱም መጥቶ ቢጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ገበታ ተቀምጠው አያውቁም። በገና እሱ በዋዜማው ይመጣል፣ እሷ በማግስቱ።

ጸጸቱ ሲያንገበግበኝ መልሼ ልግዛቸው አልኩ። ሻጭ የራሱን ዕቃ እንዲጫረት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ስታንን ለመንኩት። ደንቡን በጓደኛዬ እጅ ጣስኩት ማለት ነው። ስታን ቢጫረትም፣ ስሙ የማይታይ አንድ ሰው ከጥቂቶቹ በቀር በሁሉም ካርድ ላይ ይበልጠው ነበር። አንድ ዶላር የማያወጣ፣ ማዕዘን አልባ በረኛ ሠላሳ ዶላር ገባ።

“ይሄ ሰውዬ ወይ ዕውር ነው ወይ ሀብታም” አለ ስታን።

“ጨምር” አልኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሳውና ተቀምጠን ሩዲ ድንጋዩ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ “የእማዬን ካርዶች ኢንተርኔት ላይ አገኘኋቸው” አለኝ። “ማን ለሽያጭ እንደላካቸው አይጽፍም። በስሕተት ለቤተ ክርስቲያን የዕቃ ሽያጭ ተሰጥተው ይሆናል። ልለቅማቸው ስል ግን አንድ እብድ ተጣበቀብኝ። የተከረከመ ካርድ የሚፈልግ ከኔ ሌላ ጅል አለ ብዬ አላስብም ነበር።”

እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነልኝ።

“ለካርሊን ለምን አትሰጣትም?” አልኩት።

“ምን ልትለኝ አባዬ? ‘ያው፣ አንተ ጋ ነበሩ’ ነዋ የምትለኝ።”

እንግዲህ ልጄ በፍቅር የሰበሰበው ሁሉ በእሱ ላይ ማስረጃ ይሆንበት ነበር፤ የከፈለው ገንዘብም በእኔ ስም ይጠራቀም ነበር። በማግስቱ ስታንን ተው አልኩት። እውነቱን ግን ያን ጊዜም አላወጣሁም። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ከምእመኑ ጋር ጮክ ብዬ ኃጢአተኛ ነኝ እላለሁ፤ በጅምላ መናዘዝ ቀላል ነው።

በዚያ ድርጅት በስሜ ያለው ገንዘብ በሙሉ የሩዲ ነው። ስጦታም ውርስም እንዳይባል፤ የራሱ ነው። ስታን ያሸነፋቸው ጥቂት ካርዶች ለካርሊን ይሰጡ።

እዚህ ላይ “ይህ ቃል ከቀብሬ በኋላ በልጆቼ ፊት ይነበብ” ብዬ ሳስጽፍ ዶሪን ብዕሯን አስቀመጠች።

“አንባቢዋ እኔ ነኝ?” አለች።

“ሌላ ማን አለኝ?”

“አንተ ተመችቶህ ተኝተህ፣ የካርሊንን ፊት እኔ ልይልህ?”

“በሞተ ሰው ላይ መቆጣት ነውር ነው” አለ ስታን። “እሱን አስልቶ እኮ ነው።”

ንስሐ ያልኩት ነገር ከልጄ ቁጣ መሸሸጊያ ነበር። ዶሪንን ያንን ቃል ሰርዢው አልኳት፤ ሰርዛዋለች።

ከመፈረሜ በፊት በእነዚህ ምስክሮች ፊት ስልክ አነሣሁ። መጀመሪያ ለሩዲ ደወልኩና ካርዶቹን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ስሙ ሲጠፋ ዝም ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። “እብዱ አንተ ነበርክ?” አለኝ። አዎ አልኩት። ዘጋብኝ።

ከዚያ ለካርሊን ደወልኩ። ያንኑ ቃል ሳላሳጥር ነገርኳት፤ በረኛው ላይ መቅናቴንም ጨመርኩ። የመኪናዋን ቁልፍ ስታነሣ ሰማሁ።

“ሩዲ ዛሬ ሥራ ገብቷል?”

“ዕረፍቱ ነው። ቤቱ ነው ያለው።”

“መጀመሪያ እሱ ጋ እሄዳለሁ” አለች። “አንተን ከዚያ መጥቼ እቆጣሃለሁ። መድኃኒትህን ውሰድና ጠብቀኝ።”

መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ቃሌ ይኸው ነው።

ተናዛዥ፦ አርቪድ ማኪ (ፊርማ)

ተናዛዡ ይህን ሁሉ በራሱ አንደበት ሲናገርና ለሁለቱም ልጆቹ ደውሎ ሲነግራቸው በጆሯችን ሰምተናል።

ምስክር፦ ስታን ዙፓን (ፊርማ)
ምስክርና ጸሐፊ፦ ዶሪን ላህቲ (ፊርማ)